«ሰደቃ» ብዬ የለቀቅኩት ፒዲኤፍ



ባለፈው ረመዷን አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እህት ኢማማችንን ልትጠይቅ መስጂድ መጣች። ኢማሙ ለጀናዛ ወጥተው ስለነበር የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከአረብ ሀገር ከተመለሰች ዓመታት ሆኗታል። እዚያ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ወርቅ ገዝታበት ነው የገባችው። 62 ግራም። የምታደርገው ጌጥ አይደለም፤ ለክፉ ቀን ብላ በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ነው። (በሚደረግ ጌጥ ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ እሱን አሁን አላነሳም።) ጥያቄዋ እንዲህ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ የአምስት ዓመት ዘካ ሳላወጣ ቆይቼ ነበር። አምና ሳውቅ ደንግጬ ተበድሬ አወጣሁ። ዕዳው እስካሁን አላለቀልኝም። ዘንድሮም ላውጣ ወይስ መጀመሪያ ዕዳዬን ልክፈል?»

የወርቅ ኒሷብ 20 ሚስቃል ነው። በዛሬ ሚዛን ብዙ ዑለሞች 85 ግራም አድርገው ይሰሉታል። ሌላ ገንዘብ ወይም የንግድ ዕቃ እንዳላት ጠየቅኳት፤ የላትም። እንግዲያው 62 ግራም ይዛ ዘካ ግዴታ አልሆነባትም ማለት ነው። አለብሽ ያለሽ ማነው አልኳት። «ኪታብ ላይ አንብቤ ነው እንጂ ማንም አላለኝም» ብላ ስልኳን ከፈተች። ገጽ 47። «የወርቅ ኒሷብ 58 ግራም ነው» ይላል። ከገጹ ላይ በሰያፍ፣ ፈዘዝ ባለ ቀለም፣ የአንድ ቴሌግራም ቻናል ስም ተጽፏል።

ቻናሉ የኔ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ስለ ቅጂ መብት ስንሰማ ብዙዎቻችን የዘፋኞችና የፊልም ሠሪዎች ጉዳይ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ፋይሉን የሠራሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኪታቧ ስለ ዘካ የተዘጋጀች 140 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት። አንድ ሼኽ ከዐረብኛ ኪታቦች ለቅመው፣ የከተማ ነጋዴና ተቀጣሪ በሚገባው አማርኛ ያሰናዷት። ከጓደኛዬ ተዋስኩና ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ በስልኬ ስካን አደረግኳት። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የቻናሌን ስም አተምኩበት። ለምን? ሌሎች ቻናሎች «እንዳይሰርቁኝ»። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያሳፍረኛልም። ከዚያ «በነጻ አውርዱ፣ ሼር አድርጉ፣ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሁንላችሁ» ብዬ ለቀቅኩት። ልብና ዱዓ ዘነበልኝ። ከፖስቱ ሥር ያለችው የዐይን ምልክት ቁጥሯ እየጨመረ 11 ሺህ ገባች። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ስካን ሳደርግ ከኪታቧ መሃል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወድቃ ነበር። አላነበብኳትም። የት እንደደረስኩ እንዳይጠፋኝ ዕልባት አደረግኳት።

እህታችን ከሄደች በኋላ ሼኹን አፈላልጌ ቤታቸው ሄድኩ። ኢማማችን ደውለውላቸው ስለነበር ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ቡና ተፈልቶ ቆየኝ፤ ይህም ራሱ ከበደኝ። ከተቀመጥንበት ክፍል ጥግ በላስቲክ የተሸፈነ ክምር አለ። ኪታቧ ናት። 2,000 ቅጂ ከዘመድ ተበድረው አሳትመዋል። 600 ያህል ከተሸጠ በኋላ መጽሐፍ ሻጮቹ መውሰድ አቆሙ። «ሼኹ፣ ሰው እኮ ስልኩ ላይ አለው» አሏቸው። ቀሪው በመኪና ተጭኖ ወደ ቤት ተመለሰ።

የጠበቅኩት ስለ ብሩ እንዲቆጡኝ ነበር። እሳቸው ያነሱት ሌላ ነው። «ከማተሚያ ቤት የመጣች ለታ ነው ያየሁት» አሉኝ። «85 ብዬ የሰጠሁት 58 ሆኖ ወጥቷል። የተየባት ልጅ ገለበጠው፤ እኔም ሳርም ዐይኔ አለፈው። መልሼ ላሳትም አቅም የለኝም። የእርማት ወረቀት አስባዝቼ ከልጆቼ ጋር ሁለት ሺውም ውስጥ አንድ በአንድ በእጃችን ከተትን። ያለዚያች ወረቀት አንድም ኪታብ ከቤቴ አልወጣም።» ትንሽ ዝም አሉና «ብሩን ተወው ልጄ። ስሜን ሽፋኑ ላይ ትተህ ወረቀቷን ጣልክብኝ» አሉ።

ምን ይመለሳል?

እቤት ገብቼ ሳስበው ያነደደኝ ይህንን እኔ በልጅነቴ ተምሬው የነበረ መሆኑ ነው። ወሎ ገጠር ውስጥ ደረሳ ሳለሁ፣ አጅሩሚያን የቀራሁት ከታተመ መጽሐፍ አይደለም። ከሼኻችን ኪታብ በእጄ ገልብጬ ነው። ገልብጬ ስጨርስ «ይዘህ ሂድ» አላሉኝም። የኔን ቅጂ እኔ እያነበብኩ፣ እሳቸው በራሳቸው ኪታብ እየተከተሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን ወረድን። የሳትኩትን ከዳር ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ከማን ኪታብ እንደገለበጥኩና ማን ፊት እንዳቀናሁት አስጻፉኝ። ያኔ ትርፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከቀደምት ዑለሞች ጀምሮ የወረደ ሥርዓት መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ሙቃበላ ይባላል። በድሮ የእጅ ጽሑፎች ኅዳግ ላይ ንባቡና ማስተያየቱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት ይገኛል። ያልተስተያየ ቅጂ ታማኝ አይባልም ነበር። ኪታቡን ለሌላ ለማስተላለፍ ደግሞ ኢጃዛ፣ ማለትም ከባለቤቱ ወይም ከባለቤቱ ከተቀበለ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፈቃድ የሚለው ነገር እንግዲህ ከፈረንጅ ሕግ የመጣብን አይደለም። ሐዲስን በኢስናድ የጠበቀ ኡማ ነን። «ከማን ሰማህ?» የሚለው ጥያቄ ለኛ ከሁሉም የሚቀድም ነው። የሚገርመው፣ ይህንን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ስልክ ስንይዝ ይጠፋብናል። ፎርዋርድ የተደረገልንን እኛም ፎርዋርድ እናደርጋለን። ከማን? ከግሩፕ። ግሩፑ ከማን? አይታወቅም።

የሰውን ሥራ በራስ ስም መውሰድም አዲስ ጥፋት አይደለም። ኢማም ሱዩጢ (በ911 ሒጅሪያ የሞቱት) በደራሲና በሌባ መካከል ስላለው ልዩነት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል፤ ርዕሱም ይኸው ነው። እሳቸው ከኢማም ቀስጦላኒ ጋር የነበራቸው ነገር በታሪክ ኪታቦች ተመዝግቧል። ሱዩጢ «ከኪታቦቼ ወስዶ ስሜን አይጠራም» ብለው ቅር ተሰኙባቸው። ቀስጦላኒ ትልቅ ዓሊም ናቸው፤ የቡኻሪን ሸርሕ የጻፉ። ታዲያ ሊታረቁ ብለው ከካይሮ ሱዩጢ ወደሚኖሩበት ወደ ረውዳ ደሴት በባዶ እግራቸውና በባዶ ራሳቸው ሄደው በር አንኳኩ። «ማነው?» ሲባሉ ስማቸውን ተናግረው፣ ልብዎ ይታረቀኝ ብዬ በባዶ እግሬ መጣሁ አሉ። ሱዩጢም ከውስጥ ሆነው ልቤ ታርቆሃል አሏቸው፤ በሩን ግን አልከፈቱም። እኔን ሁሌም የሚይዘኝ ያ ያልተከፈተው በር ነው። ይቅርታው ተሰጥቷል፤ የሐቁ ክብደት ግን በሩ ላይ ቀርቷል። የኔ ሼኽ ቡና አፍልተው ነው የጠበቁኝ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ፤ «ዒልም አይሸጥም፣ የቅጂ መብት የሚባል ነገር በሸሪዓ የለም» የሚለኝ ወንድም እንዳለ አውቃለሁና። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የፓኪስታኑ ታላቅ ዓሊም ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የቅጂ መብትን አልተቀበሉም። የዚህ አቋም ሰዎች የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ኪታቡን በገንዘቡ የገዛ ሰው ባለቤቱ ነው፣ በንብረቱ እንደፈለገ ያደርጋል፤ የማይጨበጥ መብት አይሸጥም፤ ዒልምን መደበቅ ደግሞ በሐዲስ ከባድ ዛቻ የመጣበት ነው። ከፊቅህ አንጻርም መሠረት አለው። በቀድሞዎቹ ሐነፊዮች ዘንድ ጥቅም ወይም «መንፈዐ» በራሱ ንብረት ተብሎ አይቆጠርም፤ ውል ሲገባበት ነው ዋጋ የሚያወጣው። ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ጥቅምን ራሱን ንብረት ይሉታል። ሀገራችን ሻፊዒውም ሐነፊውም ያለበት ስለሆነ ሁለቱም ንግግር ከጆሯችን አይርቅም።

ነገር ግን እዩ፤ የእኚሁ የሙፍቲ ሸፊዕ ልጅ ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ በዚህ ጉዳይ ከአባታቸው ተለይተው የደራሲ መብት ይጠበቃል፣ ዋጋም ሊወጣለት ይችላል ብለው ጽፈዋል። የዘመኑ ነጋዴ ዑርፍ እንደ ንብረት ካየው፣ ዑርፍ ደግሞ ንብረት የሚባለውን ለመለየት ቦታ ካለው፣ መብቱ መና አይቀርም ማለታቸው ነው። አባትና ልጅ፣ ሁለቱም ሐነፊ። አደብ ጠብቆ መለያየት ምን እንደሚመስልም ከዚህ ይማሯል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ከየሀገሩ የተውጣጡ ፉቀሃእ ያሉበት የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1409 ሒጅሪያ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤ ጉዳዩን አንስቶ ወስኗል። ውሳኔ ቁጥር 43 ነው። የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ናቸው፤ ገንዘብ የሚያወጡ የባለቤቶቻቸው ሐቆች ስለሆኑ መድፈር አይፈቀድም የሚል ነው ይዘቱ። ይህ ውሳኔ ከወጣ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ገና ዛሬ «ሐራም ነው እንዴ?» እያልን በኮሜንት እንከራከራለን።

«ዒልም አይሸጥም» ስለሚለው፣ እኔ በጭራሽ አልጣላም። ዒልሙ ለማንም አልተሸጠም። የወርቅ ኒሷብ 85 ግራም መሆኑን ከሼኹ ኪታብ አንብበህ ለሺህ ሰው ብትናገር ማንም አይጠይቅህም፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። የሳቸው ሐቅ ያለው ዓመታት ቁጭ ብለው ባቀናጁት ዓረፍተ ነገር፣ በመረጡት ቃል፣ በተበደሩት የወረቀትና የማተሚያ ገንዘብ ላይ ነው። ሶሓቦች በቁርኣን ሩቅያ አድርገው በግ ሲቀበሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳጸደቁላቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። የደሞዝ ነገር ያን ያህል ነውር ቢሆን ኖሮ እኔም መስጂድ ውስጥ የምበላው እንጀራ ባጠያየቀኝ ነበር።

የሀገራችን ሕግም ቢሆን በዚህ ነጥብ ከኛ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 ተሻሽሏል። ሕጉ ሐሳብን አያጥርም። የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ደራሲው መብቱን ለማግኘት መመዝገብ እንኳ አይጠበቅበትም፤ ወጥ ሥራ ሠርቶ በወረቀትም ሆነ በሌላ ነገር ላይ ካሰፈረው በቃ። ምንጩን ጠርቶ ጥቂት መጥቀስ ይፈቅዳል። ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ መገልበጥንም ይፈቅዳል፤ ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ ማድረግ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ለ11 ሺህ ሰው መልቀቅማ ጭራሽ አይነሳም። ትርጉምም ራሱን ችሎ ይጠበቃል። ኢማም ነወዊ የሞቱት በ676 ሒጅሪያ ነው፤ የዐረብኛ ኪታባቸው የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ያንን ሌሊት አምሽቶ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ሥራ ግን የሱ ነው። ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «የነወዊ ኪታብ እኮ ነው፣ ባለቤቱ ከሞተ ስንት ዘመኑ» ይሉኛል።

የሕጉ አንድ ነገር ደግሞ እኔን እንደ ቀሪእ ያስደነገጠኝ አለ። መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። በዚህ ዓይን ስታየው፣ አንድ ኡስታዝ ሞቶ ሚስትና ትናንሽ ልጆች ትቶ ከሄደ፣ «አላህ ይርሐመው» ብለን ማግስቱን ኪታቦቹን በሙሉ ሰብስበን በአንድ ፋይል የምንለቅቀው የማንን ነው? ለሟቹ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሁንለት ብለን ነው። የየቲም ገንዘብ ነገር በቁርኣን ምን ያህል እንደከበደ ለናንተ አልነግራችሁም። ወራሾቹን አንድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ግን ማንም አያስታውስም። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይፈቅዳሉ፤ ደስ ብሏቸው መፍቀዳቸው ነው ልዩነቱ። የሙስሊም ሰው ገንዘብ ልቡ ወዶ ካልሰጠ በቀር ሐላል እንደማይሆን የተነገረው ለዚሁ ነው።

አሁን በሌላ በኩል ላለው ሰው ልናገር፤ ለሱም ሐቅ አለውና። የገጠር ደረሳ አለ፤ መጽሐፍ ቤት አይቶ አያውቅም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ የኪታብ ዋጋ የሳምንት ምሳው ነው። ወንድሞቻቸው ሰሜንም ደቡብም ሆነው በስልክ ብቻ የሚማሩ አሉ። ታትማ ያለቀች፣ ደራሲዋም የትም የማትገኝ ኪታብ አለች። እነዚህን ሰዎች «ሌባ» ብሎ መጥራት አይቀለኝም፤ አልልምም። ጃሒዝ እንኳ፣ ያ ታላቅ ጸሐፊ፣ የወራቆችን ሱቅ ለሌሊት እየተከራየ ገብቶ ያነብ እንደነበር ይነገርለታል። ደሃ አንባቢ ሁልጊዜም ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ኪራይ ከፍሏል።

ጥፋቱ የኛ የከተማ ጀመዓ ነው ባይ ነኝ። ለመስጂድ ምንጣፍ፣ ለሚናራ፣ ለድምፅ ማጉያ በአንድ ጁሙዓ ብር እንሰበስባለን፤ በስንቱ መስጂድ ውስጥ ግን ደረሳ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ? አሥር ሰው አዋጥቶ አሥር ኪታብ ገዝቶ ወቅፍ ቢያደርግ ደራሲውም አይጎዳ፣ ደሃውም ያነባል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኛ የራሳችን ሥርዓት ነው። በመዲና ያለው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ የሼኽ ሙሐመድ ሳዲቅንና የሙሐመድ ሳኒ ሐቢብን የአማርኛ ትርጉም አትሞ በወቅፍ በነጻ ያድል የለ? (እሱንም ደግሞ በየሱቁ ተሸጦ እናየዋለን። ወቅፍ የሆነን መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ይጠይቅ።)

አሳታሚዎችና አከፋፋዮችም ንጹሕ አይደሉም። ከደራሲው ጋር ሺህ ቅጂ ተዋውሎ ከዚያ በላይ የሚያትም አለ ሲባል ከደራሲዎች አንደበት ሰምቻለሁ። ሒሳብ ሳያሳይ ዓመት የሚያስጠብቅም አለ። ሼኹ ራሳቸው «ያንተስ ይሻላል፤ አንተ መጥተሃል» ብለውኛል።

ሌላው ትንሽ የማነሳው የነሺዳና የዳዕዋ ቪዲዮ ነገር ነው። ልጆች የሰው ነሺዳ አውርደው በራሳቸው ቻናል ይጭናሉ፤ ዩቲዩብ ሲያስጠነቅቃቸው ድምፁን ትንሽ አቅጥነው ወይም አፍጥነው እንዳይያዝ ያደርጋሉ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ቻናል እንደሚያዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ የሦስት ስትራይኩን ያህል የቂያማው ሒሳብ ቢያስፈራን ጥሩ ነበር። ዳዕዋ ላይ ደግሞ ከገንዘብም የባሰ ጉዳት አለ። ኢማማችን ስለ ፍቺ ተጠይቀው ሩብ ሰዓት የፈጀ መልስ ሰጡ። የቆረጠው ልጅ ሠላሳ ሰከንድ ወስዶ «ግን» ከሚለው ቃል በፊት አቆመው። ከዚያ ወዲህ በዚያች ሠላሳ ሰከንድ ምክንያት ስንት ባልና ሚስት መስጂድ ድረስ እንደመጡ እኔ አውቃለሁ፤ ቀጠሮ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ።

ለዚህ ነው የቅጂ መብትን የብር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት የማልወደው። ብሩ ሐቅ ነው፤ ዕዳ አለበት፣ የልጆች ጉሮሮ አለበት። ከሱ በላይ ግን አንድ ሰው በስሙ ለወጣ ንግግር አላህ ፊት ይጠየቃል። የሚጠየቅበት ነገር እጁ ላይ መቆየት አለበት፤ ሲሳሳት ሊያርም፣ ሲጎድል ሊጨምር፣ ካልፈለገ ሊመልስ። ያለ ፈቃዱ ስትበትንበት መጠየቁን ለሱ ትተህ ማረሙን ነው የምትነጥቀው። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚል፣ ያደረግኩትን ልንገር። ፋይሉን ከቻናሌ አጠፋሁ። ቴሌግራም ላይ ግን ዋናውን ብታጠፋም ሰዎች ወደየግሩፓቸው ፎርዋርድ ያደረጉት አይጠፋም፤ አውርደው ስልካቸው ላይ ያስቀመጡትማ የማይታሰብ ነው። ከዚያ ሼኹን ምን እንደሚሹ ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያ ልጠይቃቸው የሚገባኝን ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያሉኝ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች ለማንም በነጻ ልቀቅ። ክምሩን ከቤቴ አውጣልኝ። ኪታብ የማይደርስበት ገጠር ያለ ደረሳ በስም ከጠየቀህ የታረመውን ሙሉ ፋይል ስጠው፤ ከሱ ምንም አልፈልግም። ለሁሉም ክፍት አታድርገው፤ ዕዳዬን ከፍዬ ስጨርስ እኔው ራሴ ወቅፍ አደርገዋለሁ።

በውጭው ዓለም ክሬቲቭ ኮመንስ የሚሉት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራበት የፈቃድ ዓይነት አለ፤ ደራሲው «ስሜን ጥራ፣ አትሽጥ፣ አትቀይር፣ ከዚያ ውጪ አሰራጭ» ብሎ ከሥራው ላይ ይጽፋል። ሼኹ ስሙን ሰምተውት አያውቁም። ቡና እየጠጡ በአምስት ደቂቃ የተናገሩት ግን ያው ነው። ሌሎች ደራሲዎቻችንም ከኪታባቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ምን እንደሚፈቅዱና ምን እንደማይፈቅዱ በግልጽ አማርኛ ቢጽፉ ብዙ ወጣት ከጥፋት ይድን ነበር። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የምትለዋን መስመር ማንም አያነባትም፤ እኔም አላነበብኳትም።

ከክምሩ እስካሁን 340 ኪታብ ወጥቷል፤ አብዛኛው ለመስጂዶች ወቅፍ ነው የተገዛው። ያቺን እህት ዕዳዋን ከከፈሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ይህን የምለው ለመመስገን ሳይሆን ዕዳው የኔ ስለነበረ ነው። ቀድማ ያወጣችውን ኢማሙ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍልሻል ብለዋት ተጽናንታለች።

ማስተካከያውን ቻናሌ ላይ ከለጠፍኩ ሁለት ወር ሆነው። ስህተቱን 11 ሺህ ሰው አይቶታል፤ ማስተካከያውን እስከ ትናንት ማታ ያየው 900 አይሞላም። ስለዚህ እዚህም ልጻፈው። ከታች በሰያፍ የቻናል ስም ያለባት፣ 140 ገጽ የሆነች የዘካ ኪታብ ስልክህ ላይ ካለች ገጽ 47ን ክፈት። ከላይ አራተኛው መስመር ላይ 58 የሚለው 85 ነው። ያስተላለፍክላቸው ሰዎች ካሉም ንገርልኝ። ፋይሉን አጥፋው፤ የታረመውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ሼኹ ባሉት መሠረት እልካለሁ።